ግማሽ ቀን በሐዋሳ፦ ከአስጎብኚ ጋር ስለመዞርና ስለመገብየት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ሐዋሳ ነው። ስለዚህ ዓርብ ማታ ስልኬ አያርፍም። «ለስብሰባ መጥቼ ቅዳሜ ጠዋት ነፃ ነኝ፣ ምን ልይ?» «ከእማዬ ጋር ነን፣ ከሰዓት እንመለሳለን፣ ማን ያዙረን?» ጥያቄው ያው ነው፣ ጠያቂው ብቻ ይለያያል። ሃያ ጊዜ ከምናገረው አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ግማሽ ቀን ለሐዋሳ ይበቃል?

ጠዋቱ ከሆነ ይበቃል። ከሰዓት ከሆነ ሌላ ከተማ ነው የምታዩት፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሐዋሳ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዕድሜዋም ብዙ አይደለም፤ የተመሠረተችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። መንገዶቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። ሐይቁ፣ ዓሣ ገበያው፣ ታቦር ተራራ፣ ዋናው ገበያ፣ ሁሉም በባጃጅ የደቂቃዎች መንገድ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ ጊዜ የሚበላው መንገዱ ሳይሆን ቡናና ወሬ ነው።

«ባሕር ዳርቻ እንሄዳለን» ይላሉ። ባሕር ነው ሐይቅ?

ሐይቅ ነው። ልጆች ይዛችሁ ስትመጡ ግን ባሕር ነው ብላችሁ ብትነግሯቸው ማንም አይከሳችሁም። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። እንዲያም ሆኖ ውኃው ጨው አይደለም። ለምን እንደሆነ አስጎብኚያችሁን ጠይቁት፤ ዕውቀቱን መፈተኛ ጥሩ ጥያቄ ነው።

በስንት ሰዓት እንጀምር?

ከሆቴል 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። አውቃለሁ፣ ለእረፍት መጥታችሁ በሌሊት ተነሡ መባል ያናድዳል። ግን የሐዋሳ ነገር ሁሉ ጠዋት ነው ያለው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን አውጥተው የሚመለሱት ጠዋት ነው፣ ሐይቁ እንደ መስታወት የሚተኛው ጠዋት ነው፣ ተራራው ሳያቃጥል የሚወጣው ጠዋት ነው።

እኔ ሰው ሳዞር እንዲህ ነው የማደርገው። 1 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው። 2 ሰዓት ላይ ጀልባ። ከጀልባ ስንወርድ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ሻይ ወይም ቡና። 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ታቦር። ከዚያ ወርደን ገበያ። 6 ሰዓት ተኩል ምሳ። ብዙ አስጎብኚዎች ገበያውን ያስቀድማሉ፤ አልስማማም። አናናስና ቅቤ ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ የአጎቴ ሚስት ናት።

ያለኝ ከሰዓት በኋላ ብቻ ቢሆንስ?

ዓሣ ገበያውን እርሱት። ያን ጊዜ የቀረው ሽታውና አሞራው ነው። ሐይቁም ከሰዓት ነፋስ ይነሳበታል፤ ጀልባው ይናጣል፣ ፎቶውም ይበላሻል።

በምትኩ 9 ሰዓት ላይ ገበያ ግቡ፣ 11 ሰዓት ላይ ፍቅር ሐይቅ ውረዱ። ሐይቁ ያለው ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ውኃው ላይ ነው። ዳር ዳሩን በእግር መሄድ፣ ቆሎ መቆርጠም፣ ሙሽሮች ፎቶ ሲነሱ ማየት። እሱም ነፍስ ነው። ብቻ ሲመሽ ትንኝ አለ፣ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ።

አስጎብኚ የግድ ነው? ብቻዬን ብዞርስ?

ግድ አይደለም። ሐዋሳ ሰው የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም። ቢሆንም ሦስት ቦታ ላይ ይጠቅማችኋል፦ ዓሣ ገበያው ላይ፣ ተራራው ላይና ገበያ ውስጥ። ዓሣ ገበያው ላይ የትኛው ቤት ንጹሕ እንደሆነ ያውቃል። ተራራው ላይ ብቻ ከመሆን ሁለት መሆን ይሻላል። ገበያ ውስጥ ደግሞ ሲዳምኛ ስለሚናገር ዋጋው በራሱ ረገብ ይላል።

ስትመርጡ ከሆቴላችሁ እንግዳ መቀበያ ጠይቁ፣ መታወቂያ ያለው መሆኑን እዩ። በር ላይ «ወንድሜ፣ እኅቴ» እያለ እጃችሁን የሚጎትት ሁሉ አስጎብኚ አይደለም፤ አንዳንዱ የባለሱቅ ደላላ ነው። ለመለየት ቀላል ነው። ጥሩው አስጎብኚ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ስንት ሰዓት አላችሁ?» ብሎ ነው። ደላላው የሚጠይቀው «ምን መግዛት ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ነው።

ዋጋውን እንዴት ልደራደር?

ሦስት ክፍያ አለ፣ ሦስቱም ለየብቻ ነው፦ አስጎብኚው፣ ትራንስፖርቱ፣ ጀልባው። አሞራ ገደል በር ላይ የመግቢያም ይከፈላል። ባጃጁን በኮንትራት ለግማሽ ቀን ያዙት። በየቦታው እየወረዱ አዲስ ባጃጅ መፈለግ ጊዜም ገንዘብም ይበላል፣ የገዛችሁትን ዕቃም የሚጠብቅላችሁ አይኖርም።

የጀልባውን ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ፣ ተምሬበታለሁና። አምና የአክስቴን ልጆች ይዤ ሄድኩ። ባለጀልባውን ዋጋ ጠየቅኩት፣ ነገረኝ፣ «እሺ» ብዬ ተሳፈርን። መሃል ሐይቅ ስንደርስ ፈገግ ብሎ «በሰው ነው እኮ» አለኝ። ስድስት ነበርን። ሐይቅ መሃል ላይ ሆኖ፣ ያውም ዋና ሳይችል ማን ይከራከራል? ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ከመሳፈሬ በፊት አራት ነገር ጮክ ብዬ እናገራለሁ፦ ዋጋው ለጀልባው በሙሉ ነው ወይስ በሰው፣ ስንት ደቂቃ፣ እስከ የት፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለ ወይ። አስጎብኚው አጠገባችሁ ቆሞ ይስማ። ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፣ አለቀ።

ትንሽ ጥሬ ብርም ያዙ። ቴሌብር ብዙ ቦታ ይሠራል፤ ቅቤ የምትሸጠዋ እናት ግን ጥሬውን ነው የምትወደው።

አሞራ ገደል ምን አለ? ሽታውን እችለዋለሁ?

ሽታው አምስት ደቂቃ ነው፣ ከዚያ አፍንጫ ይለምዳል። እኔን ብትጠይቁኝ የሐዋሳ ልብ እዚህ ነው።

ጀልባዎቹ ዳር ይደርሳሉ። ዓሣው ከነመረቡ ይወርዳል። አብዛኛው ቆሮሶ ነው፣ አልፎ አልፎ ጢማም አምባዛ። ዳር ላይ የተደረደሩ ወጣቶች ቢላቸውን እያፋጩ ይጠብቃሉ። አንዱን ቆማችሁ እዩት። ቆሮሶውን በግራ እጁ ይጨብጣል፣ ከጭንቅላቱ ሥር ቢላውን ያስገባል፣ አጥንቱን ተከትሎ እስከ ጭራው ይስባል፣ ገልብጦ ሌላውን ጎን። ቆዳውን እንደ ካልሲ ይገፈዋል። እጁ ላይ ሁለት ነጭ ሥጋ ይቀራል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከጓደኛው ጋር ስለ ትናንቱ ኳስ እያወራ ነው፣ ቢላውን አያየውም።

የቀረውን የሚረከበው አባ ኮዳ ነው። ቁመቱ እስከ ደረት የሚደርስ፣ ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ ወፍ። እንደ ጡረተኛ ዳኛ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የቆመ ይመስላል። አንጀት ሲወረወርለት ግን ዳኝነቱን ይረሳል። ለልጆች ከጉማሬው በላይ የሚያስቃቸው እሱ ነው። በጣም አትቅረቡት፣ ምንቃሩ ቀልድ አያውቅም።

ዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አለ። ጉሬዛው ጨዋ ነው፣ ከላይ ሆኖ ያያችኋል። ጦጣዋ ሌባ ናት። ሙዝ በእጅ ይዞ መግባት ለእሷ ማበርከት ነው።

ሰው ጥሬ ዓሣ ሲበላ አየሁ። ልሞክር?

እዚያው የተገፈፈውን ቆሮሶ በዳጣ፣ በተፈጨ ቃሪያ ማባያ፣ የሚበሉ አሉ። ቃሪያው ያቃጥላል፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል፣ ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ ግን ለእንግዳ አልመክርም። ጥሬ የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል፤ ዳጣ ደግሞ ምላስ እንጂ ትል አይገድልም። ከሰዓት መኪና ውስጥ አምስት ሰዓት የምትቀመጡ ከሆነማ ጭራሽ።

የዓሣ ሾርባ ጠጡ። እዚያው ዳር ላይ በጠዋቱ ይገኛል፣ ትኩስ ነው፣ ቃሪያው ላብ ያወጣል። ሙሉ ጥብስ ካዘዛችሁ ደግሞ ተረቱን አስታውሱ፦ ዓሣ መብላት በብልሃት። ለሕፃናት አጥንቱ የወጣለትን ለብለብ ወይም ጉላሽ እዘዙ።

ጉማሬ በእርግጥ አያለሁ?

ብዙ ጊዜ አዎ፣ በተለይ ወደ ጥቁር ውኃ በኩል ቄጠማ ያለበት ዳር ከተጓዛችሁ። የምታዩት ግን ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ዓይንና አንድ ትንፋሽ ነው። «ሙሉ ጉማሬ አሳያችኋለሁ» የሚል ባለጀልባ ካለ በጣም ሊያስጠጋችሁ ነው፤ ይህን አትፈልጉትም። ጉማሬ ከብዙዎቹ አውሬዎች የበለጠ ሰው የሚጎዳ እንስሳ ነው። ራቅ ብሎ ሞተር ዝቅ አድርጎ የሚጠብቅ ባለጀልባ ልምድ ያለው ነው። ጉማሬ ካልወጣም ወፎቹ ይክሷችኋል። ባዶ እጅ የሚመለስ የለም።

መዋኘት ይቻላል?

አይ። ልጆች ሲዋኙ ታያላችሁ፣ ልብስ የሚያጥብም አይጠፋም። ሐይቁ ግን ቢልሃርዚያ አለበት፣ ጉማሬም አለበት። መዋኘት ካማራችሁ ከሐይቁ ዳር ካሉት ሪዞርቶች አንዱ ገንዳ ላይ ግቡ፤ የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ሪዞርትም እዚሁ ሐይቁ ዳር ነው።

ታቦር ተራራ ከባድ ነው? አላሙራስ?

ታቦር ተራራ ይባል እንጂ ኮረብታ ነው። ጤነኛ ሰው በግማሽ ሰዓት ገደማ ይወጣዋል። ስሊፐር አድርጋችሁ አትምጡ፣ ጠጠሩ ያንሸራትታል። ውኃ ያዙ። አናት ላይ ስትደርሱ በአንድ በኩል ሐይቁ፣ በሌላው በኩል ከተማው እንደ ሠሌዳ ተዘርግቶ ይታያል። ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ስለሆነች ሐይቁ ፎቶ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ብቻችሁን ወይም ሲመሽ አትውጡ።

አላሙራ ከፍ ያለና በደቡብ በኩል ያለው ተራራ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ጠዋት ይፈልጋል፣ ለግማሽ ቀን ጉብኝት አይሆንም።

እናትና አባት ይዛችሁ ከሆነ ተራራውን ዝለሉት። የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ከተማው መሃል ነው፣ ዳገት የለውም፣ ተሳልመው ጥላ ሥር ማረፍ ይችላሉ። የእኔ እናት ሐዋሳን የምታውቃት በገብርኤል ብቻ ነው፤ ሐይቁን «ያ ውኃ» ነው የምትለው።

ለገበያ የትኛው ቀን ይሻላል?

ሰኞና ሐሙስ። ገበያው በሌላውም ቀን አለ፣ በእነዚህ ቀናት ግን ከገጠር የሚመጣው ሰው ይበዛል፤ ምርቱም ከባለቤቱ እጅ ነው። ቀኑን ማስተካከል የምትችሉ ከሆነ ለእነዚህ አስተካክሉት። ዘንቢል ይዛችሁ ሂዱ፣ ቦርሳችሁን ከፊት አድርጉ።

የሲዳማ ቡና ስገዛ እንዳልታለል ምን ልይ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሐዋሳ መጥቶ ቡና ሳይገዛ የሚመለስ የለም፤ ገዝቶ የማይቆጭም ብዙ አይደለም።

መጀመሪያ፣ ሐዋሳ ዙሪያ ያለው ሁሉ ቡና አብቃይ አይደለም። ቡናው የሚመጣው ከደጋው በኩል ነው፦ ከበንሳ፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከአርቤጎና፣ ከይርጋለም አካባቢ። ሻጩን «የየት ነው?» በሉት። ወረዳውን ሳያቅማማ ከነገራችሁ ጥሩ ምልክት ነው። «ኤክስፖርት ነው» ካለ ግን ወሬ ነው፤ ዓይናችሁን እመኑ።

እፍኝ አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ በትኑት። ታጥቦ የደረቀው ወደ አረንጓዴ ግራጫ ያደላል፤ ከነገለባው የደረቀው ቢጫ ቡናማ ይመስላል። ሁለቱም ጥሩ ነው፤ መጥፎው የተደባለቀው ነው። ጥቁር ፍሬ፣ ነቀዝ የበሳው፣ የተሰበረ እየበዛ ከመጣ መልሱት። አንዷን ፍሬ በጥርስ ንከሷት። ጥርስ ከሰመጠ ቡናው እርጥብ ነው፣ በኪሎው ውኃ እየገዛችሁ ነው፣ ቤት ሄዶም ይሻግታል። ከዚያ አሽቱት፤ ጆንያ ጆንያ ወይም ምድር ቤት ምድር ቤት ከሸተተ እለፉት። የተቆላ ከፈለጋችሁ ዓይናችሁ እያየ የሚቆላበት ቤት ሂዱ።

መለኪያውንም አስተውሉ። በኪሎ የሚሸጥ አለ፣ በጣሳ የሚሸጥ አለ። ጣሳው ደግሞ እንደ ባለቤቱ ነው፣ አንዳንዱ ሆዱ የተጎዳ ነው። እኔ የጣሳውን ውስጥ ሳላይ አልገዛም። ሴትየዋ ብትስቅብኝም ግድ የለኝም።

ከቡና ሌላ ምን ይገዛል?

አናናስ፤ ከአለታ ጩኮና ከዳሌ በኩል የሚመጣው። አፍንጫችሁን ሥሩ ላይ አድርጉ፣ ካልሸተተ አልበሰለም። አቮካዶ፤ ጠንካራውን ግዙ፣ መንገድ ላይ ይበስላል።

ቅቤ የሚገዛ ሰው ጥቂቱን መዳፉ ላይ ያቅልጠው። እንደ ዘይት ጥርት ብሎ ካልቀለጠ፣ የሚጎረብጥ ነገር ከቀረበት፣ የተቀላቀለ ነገር አለ።

ቆጮና ቡላ፣ የቀርከሃ ሥራ፣ ጀበና፣ የሲዳማ ባህል ልብስ። ልብሱ ላይ በእጅ የተሸመነውንና የታተመውን ለዩ፦ ገልብጣችሁ ተቃራኒውን እዩ። ጥለቱ በሁለቱም በኩል ካለ ሽመና ነው። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ኅትመት ነው፤ መግዛት ትችላላችሁ፣ ግን በኅትመት ዋጋ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ጋ ልብስ በርካሽ አገኛለሁ?

አታገኙም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ ለውጭ ገበያ እንዲያመርት የተሠራ የፋብሪካ ግቢ ነው፣ የገበያ ማዕከል አይደለም።

ትኩስ ዓሣ ይዤ መመለስ እችላለሁ?

ችግሩ ዓሣው የሚገዛው ጠዋት 1 ሰዓት፣ የምትመለሱት ደግሞ ከምሳ በኋላ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነን፣ መንገዱም ሞቃት ነው። አይስቦክስ ከነበረዶው ካላችሁ ይቻላል። ሆዱ ይውጣ፣ ይታጠብ፣ ወዲያው በረዶ ውስጥ ይግባ። አይስቦክስ ከሌለ እዚሁ ብሉት። አንድ ወዳጄ በፌስታል ጠቅልሎ ከአውቶቡስ ወንበር ሥር አስቀምጦ ነበር። ሻሸመኔ ሳይደርሱ ተሳፋሪው በሙሉ አወቀው።

ምሳ ምን ይሻላል? ዓሣ ሰለቸኝ።

ቡርሳሜ። ከእንሰት የሚሠራው ዋሳ በቅቤ ታሽቶ፣ ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ትኩሱን ይቀርባል። ብዙ ቤት ስለማይሠራው አስጎብኚያችሁ ጠዋት ደውሎ ይዘዝላችሁ። ቅቤው ይበዛል፣ ከባድ ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚቀጥለው ፕሮግራም እንቅልፍ ነው።

በበዓል ብመጣስ?

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው። ከአገሩ ሁሉ ሰው ይጎርፋል፣ አልጋ አይገኝም፣ መሃል ከተማ መኪና አይንቀሳቀስም። ለንግሥ ከመጣችሁ ለንግሥ ኑ፤ ጉብኝትና ገበያ አትቀላቅሉበት።

ፊቼ ጨምበላላ ሌላ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ሲሆን በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀኑ በካላንደር የታሰረ አይደለም፤ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች የከዋክብትን አካሄድ አይተው ነው የሚያሳውቁት። በዓሉ የሚከበረው ሐይቁ አቅራቢያ ባለው ጉዱማሌ ነው። የቄጣላው ጭፈራ ሲመጣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ቀኑ እንደተነገረ አልጋ ያዙ፣ የግማሽ ቀኑንም እቅድ ሰርዛችሁ ሙሉ ቀን አድርጉት።

ወንዶ ገነትን በዚያው መጨመር ይቻላል?

በግማሽ ቀን? አይሆንም። ፍል ውኃው ውስጥ ገብቶ ቶሎ የወጣ ሰው አላውቅም።

ሰው ፎቶ ማንሳትስ?

ጠይቁ። ዓሣ ገፋፊዎቹ አንዳንዴ ብር ይጠይቃሉ፣ አንዳንዴ ራሳቸው ዓሣውን ከፍ አድርገው ይቆሙላችኋል። ገበያ ላይ ያሉ እናቶች ግን ብዙዎቹ አይወዱም። መጀመሪያ አንድ ነገር ግዙ፣ አመስግኑ፣ ከዚያ ስልካችሁን አሳይታችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱ። አባ ኮዳን ያለፈቃድ ማንሳት ይቻላል።